በእንግሊዝኛ መጠየቅ ለምን ያስቸግረናል?

በእንግሊዝኛ መመለስ የሚችል አበሻ ብዙ ነው። መጠየቅ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለያል። ዓመታት አሜሪካ ኖሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ዛሬም «ዌር ዩ ጎ?»፣ «ዋት ኢዝ ዩ ዋንት?»፣ «አር ዩ አግሪ?» የሚል ሰው ሞልቷል። ታክሲ ላይም ገበያም ይህ ያግባባል። ሐኪም ፊት፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ወይም ከባንክ ጋር በስልክ ስንነጋገር ግን የተድበሰበሰ ጥያቄ የተድበሰበሰ መልስ ያመጣል፣ አንዳንዴም ሰውየው ከጠየቅነው ሌላ ነገር ይሰማል።

ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። አገር ቤት 9ኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ ግን የሚጠይቀው መምህሩ ነው፣ እኛ መላሾች ነን። ፈተናውም ጥያቄውን ጽፎ ይሰጠንና መልሱን ብቻ ከእኛ ይፈልጋል። እናም መመለስን ለዓመታት ስንለማመድ መጠየቅን ሳንለማመድ ቀረን። ሁለቱ ቋንቋዎች ጥያቄ የሚሠሩበት መንገድ ጭራሽ የማይገናኝ መሆኑንም ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ጥቂት ነው።

እስቲ መጀመሪያ አማርኛውን እንየው። «አልማዝ መጣች።» «አልማዝ መጣች?» ቃላቱ ያው፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው። የተለወጠው ድምፃችን ብቻ ነው። ካሰኘን «ወይ» ጨምረን «አልማዝ መጣች ወይ?» እንላለን። የጥያቄ ቃል ሲኖርም ከቦታው የሚነሳ ነገር የለም። «ዳቦ በላ» የነበረው «ምን በላ?» ይሆናል፤ «ምን» የዳቦን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ ግሱም እንደወትሮው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ጥያቄ የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ቃል ነው፣ በረዳት ግስ። ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ወር፣ ካን፣ ዊል፣ ሹድ፣ ሃቭ፣ ሃዝ የሚባሉት ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ካለ ሥራው ቀላል ነው፦ ከባለቤቱ ጋር ቦታ ይቀያየራሉ። «ሺ ኢዝ ታየርድ» ደክሟታል ነው። «ኢዝ ሺ ታየርድ?» ሲሆን ደክሟታል ወይ። «ዩ ካን ድራይቭ» የነበረው «ካን ዩ ድራይቭ?» ይሆናል፣ «ዘይ ዊል ካም» የነበረው ደግሞ «ዊል ዘይ ካም?»። ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት ተራውን ዓረፍተ ነገር በሆዳችሁ አስቡት። መጀመሪያ ላይ ያዘግማል፣ ትንሽ ስትቆዩ ግን ሳይታወቃችሁ ይሆናል።

ጣጣው የሚጀምረው ረዳት ግስ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ዩ ላይክ ኮፊ።» ከ«ዩ» ጋር ቦታ የሚቀያየር ማነው? «ላይክ ዩ ኮፊ?» እንዳንል ዛሬ እንዲህ የሚል የለም። ድሮ ግን ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጌታችን ሊይዙት የመጡትን «ማንን ትፈልጋላችሁ?» ሲላቸው ቃሉ «ሁም ሲክ ዪ?» ነው። «ዱ» የሚባል ነገር የለበትም፣ ግሱ ራሱ ነው ተነስቶ ከባለቤቱ ፊት የቆመው። በዚያ ዘመን ሁለቱም መንገድ ይሠራ ነበር፣ ውሎ አድሮ «ዱ» አሸነፈና ሌላው ቀረ። ዛሬ ረዳት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ሲሆን «ዱ» ከውጭ ትገባለች። «ዱ ዩ ላይክ ኮፊ?» እዚህ ላይ «ዱ» የራሷ ትርጉም የላትም። «ታደርጋለህ» ማለት አይደለችም። ጥያቄውን ለመሸከም ብቻ የመጣች ቃል ናት፣ ወደ አማርኛ ልተርጉማት ብሎ መድከም አያስፈልግም።

አሁን ብዙዎቻችንን የሚጥለውን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። «ሺ ላይክስ ኮፊ» በሚለው ውስጥ «ላይክስ» መጨረሻ ላይ አንዲት «ስ» አለች። ጥያቄ ስናደርገው ያቺ «ስ» ከ«ላይክ» ተነስታ ወደ «ዱ» ትሄዳለች፣ «ዱ» «ዳዝ» ትሆናለች፣ «ላይክ» ባዶውን ይቀራል። «ዳዝ ሺ ላይክ ኮፊ?» ስለሆነም «ዳዝ ሺ ላይክስ» ስህተት ነው። ኃላፊ ጊዜም እንደዚሁ ነው። «ዩ ዌንት» ውስጥ ያለው ያለፈ ጊዜ ወደ «ዱ» ሄዶ «ዲድ» ያደርጋታል፣ «ዌንት» ተመልሶ «ጎ» ይሆናል። «ዲድ ዩ ጎ?» እንጂ «ዲድ ዩ ዌንት?» አይደለም። ጊዜውን «ዲድ» ተሸክሞታልና ግሱ ደግሞ አይሸከመውም። አገር ቤት «ግራመር» ብለው ያስተማሩን ይህንን ነበር፣ ግን ጊዜው ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ሳይነግሩን «ዲድ ካለ ፈርስት ፎርም» ብለው አሸመደዱን።

ሁለተኛው መውደቂያ የራሳችን «ነው» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲጠይቅ «የት ትሄዳለህ?» ከማለት ይልቅ «የት ነው የምትሄደው?» ማለት ይቀናዋል። «ምንድን ነው የምትፈልገው?»፣ «መቼ ነው የመጣሽው?» እንላለን። ያ «ነው» አፋችን ላይ ስለተቀመጠ ወደ እንግሊዝኛው «ኢዝ» ሆኖ ይገባል። «ዋት ኢዝ ዩ ዋንት?»፣ «ዌር ኢዝ ዩ ጎ?» የሚሉት ከዚህ የመጡ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ያው ተራውን ዓረፍተ ነገር ማሰብ ነው። «ዩ ዋንት ኮፊ» ውስጥ «ኢዝ» አለ? የለም። እንግዲያው ጥያቄው ውስጥም አይኖርም፣ «ዱ» ናት የምትገባው፦ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» «አር ዩ አግሪ?» የሚባለውም እንዲሁ ነው። «አግሪ» ራሱ ግስ ነው፣ «አይ አግሪ» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ «ዱ ዩ አግሪ?» «ቢዚ» ግን ግስ አይደለም። «ዩ አር ቢዚ» ነውና «አር ዩ ቢዚ?» እንላለን።

«ሃቭ» ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ሁለት ሥራ አለው። «ዩ ሃቭ ኤ ካር» ሲሆን «አለህ» ማለት ነው፣ ረዳት አይደለም፣ ስለዚህ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ካር?» «ዩ ሃቭ ኢተን» ሲሆን ግን ረዳት ነው፣ «ሃቭ ዩ ኢተን?» ይሆናል። እንግሊዞች «ሃቭ ዩ ጎት ኤ ካር?» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል፣ እሱም ልክ ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ለዜግነት ፈተና ሲጠና የኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ያገለገለው ባለ100 ጥያቄ ዝርዝር በየቤቱ አለ። በመኪና ሲነዱ በድምፅ የሚሰሙት አሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚያጠኑት እናቶች አሉ። ሁሉም ሰው መልሱን ነው የሚሸመድደው። እኔ የምለው ጥያቄዎቹን ጭምር አጥኑ። ጥያቄ አሠራርን በዚህ ያህል ጥራት የሚያሳይ ነፃ መማሪያ በቀላሉ አታገኙም፣ ደግሞ ግማሹን በቃላችሁ ይዛችሁታል።

«ዋት ዳዝ ዘ ኮንስቲትዩሽን ዱ?» የሚለውን ተመልከቱ። ሕገ መንግሥቱ ምን ይሠራል? ማለት ነው። «ዳዝ» አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ዱ» አለ። የፊተኛዋ ጥያቄ ተሸካሚዋ ናት፣ የኋለኛዋ እውነተኛዋ «መሥራት» ናት። «ዋት ዲድ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ዱ?» የሚለውም በዚሁ መልክ የተሠራ ነው። «ሃው ሜኒ አሜንድመንትስ ዳዝ ዘ ኮንስቲትዩሽን ሃቭ?» የሚለው፣ መልሱ 27 የሆነው፣ የ«ሃቭ»ን ነገር ያሳያችኋል። «ዌን ዎዝ ዘ ኮንስቲትዩሽን ሪትን?» የሚለው ላይ ደግሞ «ዎዝ» ከመጀመሪያውም ስላለ «ዲድ» አላስፈለገም። መልሱ 1787 ነው።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ እኔ ከሁሉም የምወዳቸው የ«ሁ» ጥያቄዎች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። «ሁ ሜክስ ፌደራል ሎውስ?» «ሁ ዳዝ ኤ ዩ ኤስ ሴናተር ሪፕረዘንት?» የመጀመሪያው ላይ «ዳዝ» የለም፣ ሁለተኛው ላይ አለ። ለምን? ሁለቱንም በአማርኛ በሏቸው። የፌደራል ሕግ ማን ያወጣል? አንድ ሴናተር ማንን ይወክላል? ልዩነቱ «ማን» እና «ማንን» ናት። አማርኛ «ን» ጨምሮ አድራጊውንና ተደራጊውን ይለያል። እንግሊዝኛ ዛሬ በንግግር «ሁ» ላይ ምንም ስለማይጨምር ሥራውን ለ«ዱ» ሰጥቶታል። የምንፈልገው አድራጊውን ከሆነ «ዱ» አያስፈልግም፣ «ሁ» ራሱ የባለቤቱን ቦታ ይዟልና ግሱ «ስ»ውን እንደያዘ ይቀጥላል። የምንፈልገው ተደራጊውን ከሆነ ግን «ዱ» ወይም «ዳዝ» ወይም «ዲድ» የግድ ነው።

«ሁ ሮት ዘ ዴክላሬሽን ኦፍ ኢንዲፔንደንስ?» የሚለው ጻፊውን ነው የሚፈልገው፣ ቶማስ ጄፈርሰንን፤ «ዲድ» የለበትም። «ሁ ዲድ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ፋይት ኢን ወርልድ ዋር ቱ?» የሚለው ግን አሜሪካ ማንን ተዋጋች ነው፣ ጃፓንን፣ ጀርመንን፣ ጣልያንን፤ ስለዚህ «ዲድ» ገባ። አሁን ወደ ኑሯችን እናምጣው። «ሁ ኮልድ ዩ?» ማን ደወለልህ? «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ለማን ደወልክ? «ሁ ዩ ኮል?» ካልን ሰሚው ከሁለቱ የቱን እንደፈለግን ይገምታል፣ ግምቱ ደግሞ ሊስት ይችላል። ገንዘብ ያስተላለፈው ማን እንደሆነና ለማን እንደተላለፈ ከባንክ ጋር ስትነጋገሩ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አማርኛ ከ፣ ለ፣ ስለ የመሳሰሉትን ከፊት ይለጥፋል። ከማን ጋር? ከየት? ስለምን? እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን እነዚያ ቃላት ወደ ኋላ ይቀራሉ። «ዌር አር ዩ ፍሮም?»፣ «ሁ ዲድ ዩ ጎ ዊዝ?»፣ «ዋት አር ዩ ቶኪንግ አባውት?» «ፍሮም ዌር ዩ ካም?» የሚለው የእኛ አማርኛ ነው በእንግሊዝኛ ልብስ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ቃል መተው ነውር ነው ብሎ ያስተማራችሁ ካለ ለንግግር አትስሙት።

ጥቂት የተለመዱ ጥያቄዎች ደግሞ እንዳሉ በቃል መያዝ አለባቸው። እኛ «ስምህ ማን ነው?» እንላለን፣ እነሱ «ዋት» ነው የሚሉት፣ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»። «እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» ለማለት «ሃው ሎንግ አር ዩ ሂር?» ካልን ሰውየው «እስከ መቼ ትቆያለህ?» የተባለ መስሎት «እስከ ዓርብ» ሊለን ይችላል። ትክክለኛው «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ሂር?» ነው። ነገሩ ተጀምሮ እስካሁን ከቀጠለ «ሃቭ ዩ ቢን» ይላሉ። «ስንተኛ» ለሚለው ግን እንግሊዝኛ ቁርጥ ያለ ቃል የለውም። «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ብላችሁ ለመጠየቅ ቃል ብታጡ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብሎ ከዚያ መቀጠል ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛ «ምን ይመስላል?» ቃል በቃል ትክክል ነው፣ «ዋት ዳዝ ኢት ሉክ ላይክ?» ይባላል። ብዙ የሌላ አገር ሰዎች «ሃው» እያሉ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጎ መጠየቅስ? «ዩ አር ካሚንግ?» ፈረንጆቹም ይሉታል። ግን እነሱ ሲሉት የሰሙትን ለማረጋገጥ ወይም ገርሟቸው ነው፣ «ትመጣለህ እንዴ?» እንደማለት። ዝም ብሎ ለመጠየቅ «አር ዩ ካሚንግ?» ይላሉ። «ዌር» ወይም «ዋት» ካለበት ደግሞ ድምፅ አያድነንም፣ ረዳት ግሱ የግድ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች መጨረሻቸው ላይ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ እንደውም ዝቅ ነው የሚለው።

እስካሁን ያልነውን በደንብ የያዘ ሰው የሚቸገርበት ሌላ ቦታ አለ። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የለውም፣ ሁሉም «ዩ» ነው። አክብሮቱን የሚያሳየው ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ ጠቅልሎ ነው። «ኩድ ዩ ቴል ሚ...»፣ «ዱ ዩ ኖው...» ብለው ይጀምራሉ። እዚህ ላይ የምንለው «ዱ ዩ ኖው ዌር ኢዝ ዘ ኦፊስ?» ነው። ልክ የሚሆነው ግን «ዱ ዩ ኖው ዌር ዘ ኦፊስ ኢዝ?» ሲባል ነው። ጥያቄነቱን ከፊት ያለው «ዱ ዩ ኖው» ስለጨረሰው ቀሪው ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል።

መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ አማርኛችሁን ስሙት። በአማርኛ «እንደ» ከመጣ በእንግሊዝኛ ምንም አይገለበጥም፣ «ዱ»ም አትገባም። «ቢሮው የት ነው?» ሲባል ይገለበጣል፣ «ዌር ኢዝ ዘ ኦፊስ?» ይሆናል። «ቢሮው የት እንደሆነ ታውቃለህ?» ሲባል አይገለበጥም። «መቼ መጣች?» «ዌን ዲድ ሺ ካም?» ነው። «መቼ እንደመጣች አላውቅም» ግን «አይ ዶንት ኖው ዌን ሺ ኬም»። «ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው» «አስክ ሂም ዋት ሂ ዋንትስ» ነው። ይቺን ካወቃችሁ ለሐኪም፣ ለመምህር፣ ለአለቃ የሚቀርበው ጨዋ ጥያቄ ሁሉ ይስተካከላል። የጥያቄ ቃል ከሌለ መሃል ላይ «ኢፍ» ይገባል፦ «ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዘ ስቶር ኢዝ ኦፕን?»

የእኛ «አይደል?» ለሁሉም ይሆናል። ትመጣለህ አይደል፣ በልታለች አይደል፣ ቆንጆ ነው አይደል። እንግሊዝኛው በየዓረፍተ ነገሩ ይቀያየራል፦ «ኢዝንት ኢት?»፣ «ዶንት ዩ?»፣ «ዲድንት ሺ?» እስክትለምዱት ድረስ መጨረሻው ላይ «ራይት?» ማለት ይበቃል፣ ማንም አይታዘባችሁም።

በአሉታ የሚጠየቅ ጥያቄ ግን እንዲህ በአቋራጭ የሚታለፍ አይደለም፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚሳሳተው «አዎ» እና «አይ» ነው። አማርኛ ላይ «አልበላህም?» ስንባል «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። ጠያቂው ባለው ነገር መስማማታችን ነው። እንግሊዝኛ የጠያቂውን አነጋገር አያይም፣ እውነታውን ብቻ ነው የሚያየው። ካልበላህ «ኖ» ነው፣ እንዴትም ብትጠየቅ።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ፎርሙን ይዛ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» አለች እንበል። አለርጂ የለብህም አይደል? በሽተኛው ፔኒሲሊን አይስማማውም። በልቡ «አይ፣ አለብኝ» ብሎ አስቦ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ «ኖ» ይላል። ነርሷ «የለበትም» ብላ ትጽፋለች። በአማርኛ ፍጹም ትክክል መልሷል፣ ፎርሙ ላይ የሰፈረው ግን ተቃራኒው ነው። የዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማል። ኤን-400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ጥያቄዎች አሉ። ታስረህ ታውቃለህ? ላልታሰረ ሰው መልሱ «ኖ» ነው። ባለሥልጣኑ ለማረጋገጥ «ሶ ዩ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ?» ቢል፣ ታስረህ አታውቅም ማለት ነው ቢል፣ እኛ «ዬስ» ማለት ይቃጣናል። ያን ጊዜም «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ» ነው የሚባለው። «ዉድ ዩ ማይንድ...?» ሲሏችሁም «ቅር ይልሃል?» ማለታቸው ነውና እሺ ለማለት «ኖ» ትላላችሁ፣ ወይም «ሹር» ብሎ መገላገል ይቻላል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ «ዬስ» ወይም «ኖ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። ሙሉውን ተናገሩት። የሚቀጥለው ቃላችሁ «ዶንት» ወይም «ኔቨር» ያለበት ከሆነ በ«ኖ» ጀምሩ፣ ከሌለበት በ«ዬስ»። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውዬም «ዬስ፣ አይ ዱ፣ አይ አም አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን» ብሎ መድኃኒቱን በስሙ ጠርቶ ይንገራቸው። የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ ቢያሳስት የመድኃኒቱን ስም የሰማች ነርስ ቆም ብላ ደግማ ትጠይቀዋለች።